ቡላ ማታ ማታ ለምን ይጮኻል

ጋሼ ውብሸትን የማያውቅ ሰው ዘበኛ ናቸው ብሎ አይገምትም። ዘበኛ ብዙውን ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ የሳቸው ወሬ ግን ማለቂያ የለውም። ጠዋት የመጋዘኑን በር ከፍተው በርጩማቸውን አውጥተው ከተቀመጡ ባለጋሪውን፣ ተሸካሚውን፣ መንገድ የጠፋበትን ባላገር ሳይቀር አስቁመው ያወራሉ። ሌላው አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጠይቀው እሳቸው ይመልሳሉ። ጎጃም በረንዳ ያለ ሰው ሁሉ ይህን አመላቸውን ለምዶታል፣ ‘ጋሼ ውብሸት ጋ ከቆምክ ጀንበር ትጠልቅብሃለች’ ይባባላል እንጂ አይቀየማቸውም።

ትውልዳቸው ቡሬ ነው። አዲስ አበባ በጎረምሳነታቸው ገብተው ምን አለሽ ተራ በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ክንዳቸው ሲደክም ያገራቸው ሰው አቶ ኃይሌ የማርና የቅቤ መጋዘናቸውን በር ሰጧቸው። ከበሩ ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ውስጧ አልጋ፣ ሣጥንና በገዛ እጃቸው የሠሯት ምድጃ ነው ያለው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚያች ክፍል በቀር በዚህ ከተማ አንገት ማስገቢያ የላቸውም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ቡላን ያገኙት በስልሳ ዘጠኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ምን አለሽ ተራ አንዲት ውሻ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ወልዳ ነበርና የድሮ ባልደረቦቻቸው አንዱን ቡችላ አንስተው ሰጧቸው። ጋሼ ውብሸት በካፖርታቸው ኪስ ከተው አመጡት። ልጅ አልወለዱም። ያንን ቡችላ ወተት በጣታቸው እያላሱ ሲያሳድጉ ያያቸው ሰው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው ምን ተዳቸው! ይወዱት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚያ መስመር ያሉ ዘበኞች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ በማታ ከበር ውጭ መታየት ስለማይቻል እያንዳንዱ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ጎረቤቱን ይጣራል። የመጀመሪያው ‘አለህ?’ ይላል፤ ቀጣዩ ‘አለሁ!’ ብሎ ይመልስና ደግሞ እሱ ቀጣዩን ይጠራል። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው በር ይደርሳል። የተጠራው ካልመለሰ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነውና ጠሪው እስኪመለስለት ድረስ ይጣራል።

የመጨረሻው በር የጋሼ ውብሸት ነው። ከሳቸው በፊት ያለው የቆዳ መጋዘን ሲሆን ዘበኛው ጠይብ ይባላል። ጠይብ የወሎ ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚያንስ ‘ጋሼ ውብሸት፣ አሉ?’ እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳቸው ከሳቸው ቀጥሎ የሚጠሩት ሰው ስለሌላቸው ሥራቸው ‘አለሁ!’ ማለት ብቻ ነው። እሷን ታዲያ ከሆዳቸው አውጥተው ሲሏት ሲኒማ ራስ ትሰማለች እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ክረምት ሲገባ ጥሪው ይቆማል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ማን ማንን ይሰማል? መስከረም ሲጠባ ይቀጥላል። እንግዲህ በሰባ መስከረም ጥሪው ሲቀጥል ያን ጊዜ ጎረምሳ የሆነው ቡላም መጮህ ጀመረ። ጩኸቱም እንደሌላ ውሻ አንድ ሁለቴ ብሎ የሚተወው አልነበረም። ጨለም ሲል ይጀምርና ያለ ፋታ ይቀጥላል፣ ትንሽ ያርፍና እንደገና ይነሳል።

ዛሬ ለሚሰማው ሰው ‘ውሻ ጮኸ’ ምኑ ወሬ ነው? በዚያ ዓመት ግን ማታ የሚጮኽ ውሻ ያስበረግግ ነበር። ውሻ ከጮኸ ውጭ ሰው አለ፤ በዚያ ሰዓት ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ነው፤ የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚያውቅ የለም። ከመጋዘኑ አጥር ጀርባ እትዬ በለጥሻቸው የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ወንድ ልጃቸው ያን ሰሞን ታስሮ የተፈታ ነው። ቡላ ሲጮኽ እትዬ በለጥሻቸው ብድግ ብለው ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፣ መቀነታቸውን ያስራሉ፣ ነጠላቸውን ደርበው የልጃቸው አልጋ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሊወስዱት ከመጡ ተኝተው እንዳያገኟቸው ነው። ጩኸቱ ሲቆም ያወልቃሉ፤ ሲጀምር መልሰው ይለብሳሉ። በዚህ ዓይነት መስከረምም ጥቅምትም አለፈ።

ሰፈሩ የመሰለውን ይናገራል። አንዱ ርቦት ነው ይላል። ሌላው ውሻ ሞት ስለሚታየው ነው ይልና እያማተበ ያልፋል። የወሎዎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ እንስሳው እኛ የማናየውን ያያል ብለው ‘አዑዙ ቢላህ’ ይላሉ። ለጋሼ ውብሸት ሲነግሯቸው ግን መልሳቸው አንድ ነበር። ‘ቡላ? የኔ ቡላ? ኧረ ድምፁም ተሰምቶ አያውቅ! ከተማው እንደሆነ እንደ መቃብር ጸጥ ብሏል፤ እናንተ ምኑን ነው የምትሰሙት?’ ብለው ወደ ሌላ ወሬ ይገባሉ። ሰውም ሽማግሌው ዓይን አውጥተው ዋሹ ብሎ ይታዘባቸዋል።

ከሁሉ የተቀየማቸው ጠይብ ነው። ማታ ቢጠራቸው ቢጠራቸው ውሻው ይጮኻል እንጂ እሳቸው አይመልሱም። ከመስመሩ ዘበኞች ሁሉ እኔን ንቀው በውሻ ያስመልሱልኛል አለና ሆዱ ባሰው። አንድ ቀን ሄዶ ‘ስጠራዎት ለምንድነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉኝ?’ አላቸው። ጠይብ የከንፈሩን መነሻና መድረሻ የሚሸፍን ጢም አለው፤ ሲናገርም ለስለስ አድርጎ ነው። ጋሼ ውብሸት ፊቱን ትክ ብለው አይተው ‘እንዴታ! ገበያው ሞቷል እኮ ጠይብ!’ አሉት። ጠይብ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በቀን አያናግራቸውም። ማታ ግን መጥራቱን አልተወም። ተቀይሞም ቢሆን ሰው ነውና፣ ሰውየው ሞተው እንደሆነስ?

በኅዳር አንድ እሑድ ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። እትዬ በለጥሻቸው ስብሰባው ላይ ተነስተው እንቅልፍ ካዩ ሁለት ወር እንዳለፋቸው ተናገሩ። ስለ ልጃቸው አላነሱም፤ ማን ያነሳል? ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ውሻው እስከ መጪው እሑድ ዝም ካላለ አብዮት ጥበቃዎቹ ይተኩሱበታል ብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ጋሼ ውብሸት ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። የተባለውን ያወቁት ሲወጡ አቶ ኃይሌ ፊት ለፊት ቆመው አንድ በአንድ ሲነግሯቸው ነው።

ያን ሳምንት ጋሼ ውብሸት ያላደረጉት የለም። ከልኳንዳ አጥንት ለምነው አበሉት። ክፍላቸው ውስጥ አስገብተው አልጋው እግር ላይ አሰሩት። የድሮ ጋቢያቸውን አለበሱት። በየጠዋቱ ወጥተው ‘ዛሬስ?’ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰውም እጁን እያወናጨፈ መጮሁን ያስረዳቸዋል። መጀመሪያ ተናደዱ፤ ተማክረውብኝ ነው፣ በውሻዬ ቀንተው ነው አሉ። ኋላ ግን እትዬ በለጥሻቸውን በር ላይ አዩአቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል፣ ፊታቸው ከስሏል። እኚህ ሴት ለዋዛ እንዲህ አይሆኑም አሉና ፍርሃት ገባቸው።

ቅዳሜ ማታ ቆረጡ። ይጮኻል ካሉ ገና አፉን ሊከፍት ሲል እይዘዋለሁ ብለው ቡላን በጉልበታቸው መሐል አስገቡና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፋኖስ አላበሩም፤ በዚያ ዘመን ማታ ብርሃን ማሳየት ጣጣ አለው። ክፍሏ ድቅድቅ ያለች ነች። ቀኝ እጃቸውን የቡላ አንገት ላይ አሳርፈው ጠበቁ።

ትንሽ ቆይቶ የውሻው ሰውነት ግትር አለ። ጆሮዎቹ ቆሙ። ራሱን ወደ ጠይብ አጥር አዞረ፣ ከዚያ ደግሞ ወደሳቸው መለሰ። ከመዳፋቸው ሥር ጉሮሮው ተንቀጠቀጠ። አሁንም ተንቀጠቀጠ፤ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ውብሸት ጉንፋን ይዞታል ወይስ አጥንት ተሰንቅሮበታል ብለው እጃቸውን ወደ አፉ ወሰዱ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትንፋሹ ፊታቸውን ይመታቸዋል፣ ምራቁ ጉንጫቸው ላይ ይፈናጠቃል። ቡላ ከፊታቸው ቆሞ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጮኸ ነው። ክፍሏ ግን ጸጥ እንዳለች ናት።

በርከክ አሉና በጨለማ ዳብሰው የምድጃዋን ብረት መቆስቆሻ አነሱ። ያቺን ምድጃ ራሳቸው ቀጥቅጠው የሠሯት ናት፤ ስትመታ የምትሰጠውን ድምፅ እንደ እናታቸው ድምፅ ለይተው ያውቁታል። መቷት። እጃቸው ነዘራቸው እንጂ ምንም የለም። አጥብቀው መቷት፤ አሁንም ምንም የለም።

ለካ ከተማው ጸጥ አላለም! ጋሼ ውብሸት ለካ ሰዓት እላፊን ሲያሙት ነው የኖሩት። ጆሯቸው ቀስ በቀስ እየደከመ የሄደው ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት ነበር። ማታ ማታ የመኪናው፣ የሰካራሙ፣ የመንገደኛው ድምፅ ሲጠፋባቸው ‘ሰዉ ፈርቶ ነው’ አሉ፤ ልክም ነበሩ፣ ሰዉ ፈርቷል። ቀን የገበያው ሁካታ ሲቀንስባቸው ‘ንግዱ ሞቶ ነው’ አሉ፤ ንግዱም በእርግጥ ሞቷል፤ ‘አይ፣ አልሞተም’ ብሎ የተከራከራቸው ሰው የለም። የአንዋርን አዛንና የራጉኤልን ደወል ከሰሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው አሁን ሊያስታውሱ ቢሞክሩ አቃታቸው። የዚያ ሁሉ ዓመት መዶሻ ጆሯቸውን በልቶት ኖሯል፤ ክረምቱ የተረፈችውን ጥቂት ይዞባቸው ሄዷል። ወሬ የሚያበዙትም ሰው ተናግሮ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ፈርተው እንደነበር ያኔ ገባቸው።

ቡላ አሁንም ራሱን ወደ አጥሩ ያዞራል፣ ወደሳቸው ይመልሳል። ወዴት እንደሚያይ ተከተሉት። ከዚያ አጥር ጀርባ ያለው ማን ነው? ወይኔ ጠይብ! ብለው ከተቀመጡበት ተነሱና በሆዳቸው ሙሉ ‘አለሁ!’ አሉ። ድምፃቸው ደረታቸውን ሲነዝረው ተሰማቸው፤ ጆሯቸው ግን እሱንም አላገኘውም። የቡላ ጉሮሮ ወዲያው ረጋ። ጅራቱ እግራቸውን ይመታ ጀመር።

ይኸው ነው ነገሩ። ጠይብ ካልተመለሰለት መጥራቱን አይተውም፤ ቡላም ጌታው ካልመለሱ መጮሁን አይተውም። ውሻው ማንንም አላስፈራራ፣ ጂንም ሞትም አላየ። ‘ተነሱ እንጂ፣ ይጠሩዎታል’ ነው የሚላቸው፤ ሁለት ወር ሙሉ ይህንኑ ሲነግራቸው ከረመ። ጋሼ ውብሸት ውሻውን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ።

ሲነጋ ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። ያን ማታም ጮኋልና በቀበሌው ቃል መሠረት ቡላ ያለቀለት ነው። ለማትረፍ ምክንያቱን መናገር አለባቸው። ምክንያቱን ከተናገሩ አቶ ኃይሌ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። የማይሰማ ዘበኛ ደግሞ ለማን ይበጃል? በሩ ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዘመን፣ ወዴት ይገባሉ? ዝም ብለው ቢቀመጡ ጆሯቸውን ማንም አያውቅባቸውም፤ የሚሞተው ውሻ ነው። ይህንን አስበውታል፤ አላሰቡትም ብዬ አላታልላችሁም። ግን ጠዋት ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሊሄዱ ቡላን ሲያስሩት እጃቸውን ላሳቸው፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አዳራሹ ሞልቷል። መፈክሩ ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሳ። የቡላ ጉዳይ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ ትናንትም ጮኋል፣ ዛሬ ይፈጸማል ብሎ ሊያልፍ ሲል ጋሼ ውብሸት ተነሱ። ስማቸው መጠራቱን አልሰሙም፤ የሰው ዓይን ወደሳቸው ሲዞር አይተው ነው።

‘ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጥፋቱ የውሻው አይደለም’ አሉ። ድምፃቸውን መመጠን ስላልቻሉ አዳራሹ ደነገጠ። ‘ጆሮዬ ሄዷል። አልሰማም። ጠይብ ማታ ይጠራኛል፣ እኔ አልመልስለትም፤ ውሻው ነው ተነስ እያለ የሚጮኽብኝ። ያወቅሁት ትናንት ማታ ነው። ከእንግዲህ እጄን አንገቱ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ስመልስ ዝም ይላል። መተኮስ ካለባችሁ እሱ ላይ አትተኩሱ።’

ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ጠይብ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። አቶ ኃይሌ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዚያ እትዬ በለጥሻቸው ብድግ አሉ። ሰው ሁሉ ይብሱኑ ሊከሱ ነው ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ሊቀ መንበሩን ትተው ወደ ጋሼ ውብሸት ዞሩና ከንፈራቸውን እንዲያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

‘ጋሼ ውብሸት፣ የሚጮኸው ለርስዎ ነው?’

‘ለኔ ነው’ አሉ እሳቸው።

‘እንግዲያ ይጩህ። ለማን እንደሚጮኽ ካወቅሁ እተኛለሁ።’

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማታ ውሻ ሲጮኽ ልብሱን የማይለብስ ቤተሰብ አልነበረም፤ እትዬ በለጥሻቸው ምን እንዳሉ ያልገባው ማንም የለም። ለሊቀ መንበሩም ገብቶታል መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከሳሿ ካልከሰሰች ቀበሌው ሥራ አለው አለና አጀንዳውን ዘጋ።

ጋሼ ውብሸት ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ሣጥናቸውን ከፍተው ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ወደ አመሻሽ ላይ አቶ ኃይሌ ከጠይብ ጋር መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ የተከፈተውን ሣጥን አዩ፣ ቡላን አዩ፤ ቡላም ሲመጡ አስቀድሞ አይቷቸው የጋሼ ውብሸትን ጉልበት በአፍንጫው እየገፋ ነበር። አቶ ኃይሌ ደግ ቃል ሲናገሩ የሚተናነቃቸው ሰው ናቸው። ‘እስከ ፋሲካ እንየውና’ ብለው ለጠይብ ነግረው ሄዱ። ጠይብ የሣጥኑን ክዳን መልሶ ገጠመና የተባለውን በእጁ ምልክት አስረዳቸው። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፤ ያን ነገር አቶ ኃይሌም ጋሼ ውብሸትም አላነሱትም።

ያን እሑድ ጠይብ ወዲያው አልሄደም። ለሶላት የለበሰው ልብስ ነበርና ቡላ እንዳይልሰው በጋሼ ውብሸት ማዶ ዞሮ ተቀመጠ። ስለ ቅያሜው ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ጋሼ ውብሸትም እንደ ወትሮው አላወሩም። ውሻውን እያሻሹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

‘ጠይብ፣ ከሕፃንነቱ አሳድጌው ድምፁን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ምን ይመስላል?’

ጠይብ ሁለት ወር እንቅልፍ የነሳውን ድምፅ አሰበው። ከዚያ ጢሙን በእጁ ወደ ጎን ሰብስቦ ተጠጋቸው።

‘የርስዎን ነው የሚመስለው፣ ጋሼ’ አላቸው። ‘ድሮ አለሁ ሲሉ እንደነበረው። ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው የማያስተኛ።’

ጋሼ ውብሸት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ጠይብ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወደ በሩ ሄደ። ሲጨልም ተጣራ፤ ቡላ አንዴ ጮኸ፤ እሳቸውም መለሱ።